ከውጤት እስከ ምደባ ባሉት ቀናት ልጆቻችንን ማን ይምከራቸው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በቅድሚያ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በሰሜን ሸዋ ዞን በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሞላኝ፤ አብዛኛውንም ጊዜ ያሳለፍኩት ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በአደባባይ ሲነሳ የማልሰማው አንድ ጉዳይ ነው። ስለ ፈተናው ብዙ ይባላል፤ ተማሪው ውጤቱን ካየበት ሰዓት አንስቶ ዩኒቨርሲቲ እስከሚመደብ ድረስ ባሉት ጥቂት ቀናት ምን እንደሚገጥመው ግን የሚጠይቅ የለም።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ውጤቱ የአገር መነጋገሪያ ሆኗል። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ በተነገረ ቁጥር በየጋዜጣው፣ በየሬዲዮውና በየሻይ ቤቱ ጥፋቱ የማን ነው የሚል ክርክር ይነሳል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ እኔም መምህር እንደመሆኔ ከተጠያቂነቱ የማመልጥ አይደለሁም። ይሁን እንጂ እኛ በቁጥሩ ስንከራከር ያለፈው ልጅ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን እየሞላ ነው፤ ያላለፈውም የቀረለት መንገድ የትኛው እንደሆነ ግራ ገብቶት ከሰው ሰው እየዞረ ይጠይቃል። በዚያ ወቅት ትምህርት ቤቱ የአዲሱን ዓመት ተማሪዎች በመመዝገብ ተጠምዷል፤ የተፈተነው ተማሪ ከእኛ መዝገብ ወጥቷል፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ገና አልተቀበለውም። አሥራ ሁለት ዓመት የተለፋበት ነገር መልክ የሚይዘው ልጁ የማንም ተማሪ ባልሆነባቸው በእነዚያ ቀናት ነው።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሆነውን ላካፍልዎ። ተማሪዬ ከከተማችን የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ከሚርቅ ቀበሌ የመጣች ናት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤቷ እየሄደች፣ እሑድ ማታ እንጀራዋን፣ ሽሮዋንና ቆሎዋን አዝላ እየተመለሰች ነው አራቱን ዓመት የጨረሰችው። ያመጣችው ውጤት ከ600 ከ400 በላይ ነበር። በዚያ ዓመት ከእኛ ትምህርት ቤት ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ስሟ በከተማው ሁሉ ተሰማ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምራ ሐኪም እሆናለሁ ስትል ያልሰማት መምህር አልነበረም። ምርጫ ሙሉ በተባለ ጊዜ ብቻዋን ወደ ኢንተርኔት ቤት ሄደች። የኢንተርኔት ቤቱ ወጣት ሠላሳ ያህል ልጅ ተሰልፎበታል፤ መብራት ደግሞ ይሄዳል፣ ይመጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ልጆች የሞላውን የዩኒቨርሲቲዎች ቅደም ተከተል ለሌሎቹም እንዳለ ይገለብጠው ነበር። እሷን የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቅርብ ይሻልሻል ሩቅ?» አላት። አባቷ ቅርብ እንዲሆን አደራ ብለዋት ስለነበር «ቅርብ» አለችው።

ከሳምንት በኋላ ያተመላትን ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። «ቲቸር፣ ጥሩ አይደል?» አለችኝ። በአንደኛ ምርጫነት የተሞላላት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት የሚሰጥ አልነበረም፤ የምርጫ መሙያው ጊዜም ትናንት አልፏል። ወረቀቱን ይዤ ዝም ማለቴን አይታ «ምነው?» ስትለኝ ምን ብዬ እንደመለስኩላት ዛሬ አላስታውስም። የተመደበችው እዚያው ነው። አሁን ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች፤ በደረሳት የትምህርት ክፍልም ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ለዕረፍት ስትመጣ ሳትጠይቀኝ አትመለስም። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የክፍሏ ኃላፊ ሆኜ ሳስተምራት፣ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ሰው የትኞቹን ዩኒቨርሲቲዎች ማስቀደም እንዳለበት አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አለማስረዳቴ ይቆጨኛል። ወጣቱን አልወቅሰውም። የእሱ ሥራ ኮምፒውተር ማከራየት ነው፤ ልጆችን እንዲመክር አደራ የሰጠው ሰው የለም። አደራው የእኛ የመምህራኑ ነበር።

አብዛኛው ወላጅና ብዙ ተማሪ የማያውቀው፣ ያልተነገረውም፣ የምርጫው አካሄድ ነው። ተማሪው ቅጹን ሲሞላ ሕክምና ወይም ምህንድስና የመረጠ ይመስለዋል። የሚመርጠው ግን ተቋሙን ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ገቢዎች በአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶችን እንዲወስዱ ስለተደረገ፣ ወደ ሕክምና፣ ወደ ምህንድስና ወይም ወደ ሕግ የሚደረገው ድልድል የሚካሄደው ግቢ ከገቡ በኋላ ነው፤ በድልድሉም ላይ የአንደኛ ዓመት ውጤታቸው ትልቅ ክብደት አለው። ከዚህ የተነሳ ልጁ ሊማር የሚፈልገው ሙያ በተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ከሌለ፣ በፈተናው የቱንም ያህል ከፍተኛ ነጥብ ቢያመጣ በሩ ከወዲሁ ተዘግቶበታል። በሌላ በኩል ዩኒቨርሲቲውን አስተካክሎ የመረጠ ልጅም ቢሆን መግቢያውን አልፌያለሁ ብሎ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በዕረፍት መንፈስ ካሳለፈው፣ ያሰበው ክፍል ሞልቶ ሌላ ቦታ ይመደባል። ይህ የደረሰባቸው የቀድሞ ተማሪዎቼ ጥቂት አይደሉም፤ ሁሉም የሚሉኝም «ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር» ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቻችንም አንድ ዓይነት አይደሉም። መንግሥት የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስና አጠቃላይ ዩኒቨርሲቲ እያለ ከለያቸው ዓመታት አልፈዋል። ጎንደርና ጅማ በጤና ሳይንስ፣ ሐሮማያ በግብርና፣ አርባ ምንጭ በውኃ ምህንድስና፣ ባሕር ዳር በጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና፣ ኮተቤ በመምህራን ትምህርት የቆየ ስምና ልምድ አላቸው፤ ስለ ደን መማር የሚሻ ልጅም ወንዶ ገነት በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር መሆኑን ካላወቀ ሐዋሳን የሚያስቀድምበት ምክንያት አይኖረውም። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚቀበሉበትን የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ሲሰጡ ቆይተዋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በራሱ ፈተና መመልመል ጀምሯል። አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ ይህን ሁሉ ከጎረቤቱ፣ ከአክስቱ ልጅ፣ ከአስጠኚው ይሰማል። የእኛ ልጆች የሚሰሙት ምዝገባው ካለፈ በኋላ ነው፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ አይሰሙም። በአንድ ወረቀት ፈትነናቸው፣ በአንድ መስፈርት አወዳድረናቸው፣ ስለ ውድድሩ ደንብ ግን ለአንዱ ነግረን ለሌላው ሳንነግር እንቀራለን።

ወላጆች ቅርብ ይሁን ማለታቸውን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥሩ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቻቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ስለታገቱት ተማሪዎች ያልሰማ ወላጅ በእኛ አካባቢ የለም። ከዚያም በኋላ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ሲቋረጥ፣ ስልክ ሲጠፋ አይተናል። ልጁን ሰባትና ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር የሚልክ አባት መስጋቱ የተፈጥሮ ነው፤ ስጋቱም ተግሣጽ ሳይሆን መልስ ይሻል። እኛ ያገኘነው መልስ ቀላል ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአካባቢያችን ልጅ ፈልገን ከወላጁ ጋር በስልክ እናገናኛለን፤ መኪናው በየት በኩል እንደሚሄድ፣ የት እንደሚታደር፣ ከጣቢያ ማን እንደሚቀበል፣ በዓል ሲሆን ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይጠይቁታል። አንዲት እናት ይህን ሁሉ ጠይቀው ሲያበቁ «እንጀራ ያበሏችኋል ወይ?» ብለው ጨመሩ፤ ልጁ «አዎ እማማ» ሲላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ተፈታ። ልጃቸው በማግሥቱ አርባ ምንጭን አንደኛ አድርጋ ሞላች።

ስለ ገንዘቡም ቢሆን ያው ነው። በመንግሥት ምደባ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ወጪውን የሚጋራው በውል ፈርሞ፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ መሆኑን የማያውቁ ወላጆች አሁንም አሉ። አሠራሩ ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉውን፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ነው የሚጋራው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት ልጃቸው የተመደበ ዕለት ለክፍያ ብለው የእርሻ በሬያቸውን ሸጠው መጡ። ልጁ የሚያስፈልገው የመሳፈሪያ፣ የብርድ ልብስና የደብተር ገንዘብ ነበር። የዚያን ዓመት መሬታቸውን ያረሱት በሬ ተውሰው ነው።

ወደ ዝግጅቱ ልመለስ። ምክር የሚያስፈልገው ከውጤት በኋላ ብቻ አይደለም። ከ600ው ነጥብ አንድ መቶው የሚታሰበው የማገናዘብ ችሎታን ከሚለካው፣ አፕቲትዩድ ከሚባለው ፈተና ነው። ይህ ፈተና በእኛ ትምህርት ቤት መጽሐፍ የለውም፣ ክፍለ ጊዜ አልተመደበለትም፣ የሚያስተምረው መምህርም የለም። ከተማ ያለ ልጅ በማጠናከሪያ ትምህርት ይለማመደዋል፤ የእኛ ልጅ ግን የጥያቄዎቹን መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ከፈተናው አዳራሽ ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ለተማሪዎቼ የቃላት ዝምድና ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ «ኔስት» ለ«በርድ» እንደሆነ ሁሉ «ሃይቭ» ለምን ነው የሚል። ከፊት የተቀመጠው ልጅ አባቱ ከአሥር በላይ ቀፎ አላቸው፤ ልጁ ራሱ ጭስ ይዞ፣ ፊቱን በሻሽ ሸፍኖ ማር ይቆርጣል። እስክሪብቶውን ነክሶ ሰሌዳውን ሲያይ ቆየና «ሃይቭ ምንድን ነው ቲቸር?» አለኝ። «ጎጆ ለወፍ ከሆነ ቀፎ ለማን ነው?» ስለው አፌን ሳልዘጋ «ለንብ!» አለ። ዝምድናውን የማገናዘብ ችሎታ አልጎደለውም፤ የጎደለው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ በእጃቸው የሚሠሩባቸውን፣ በጓሯቸው ያሉትን ነገሮች የእንግሊዝኛ ስም ስንጽፍ ዋልን፤ ሞፈር፣ ቀንበር፣ ወፍጮ፣ ጎተራ፣ መንሽ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ተማሩ እንላቸዋለን፤ በእንግሊዝኛ ያስተማርናቸው ግን የፎቶሲንተሲስን ሂደት እንጂ የቀፎን ስም አይደለም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች ፈተናውን በኮምፒውተር መውሰድ ጀምረዋል፤ ወደፊት ሁሉም እንደሚሆን ይጠበቃል። በእኛ ቤተ ሙከራ ያሉት ጥቂት ኮምፒውተሮች አቧራ እንዳይገባባቸው በጨርቅ ተሸፍነው ይውላሉ፤ እንዳይበላሹ በመፍራት። እንዲህ እየተጠበቁ አርጅተው ከሚቀሩ ልጆቹ እየተለማመዱባቸው ቢበላሹ እመርጣለሁ። በወረቀት ለሚፈተኑትም ቢሆን የመልስ መስጫውን ክብ በእርሳስ ማጥቆር፣ የፈተናውን ኮድ አስተካክሎ መሙላትና ሰዓትን ለጥያቄ ማከፋፈል የሚለመዱ ነገሮች ናቸው። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በታተመ መልክ ሳይደርሱን ዓመታት ስላለፉ ብዙዎቹ የሚያነቡት በቴሌግራም የተላከ ቅጂ በአንድ ስልክ ላይ ለአምስት ሆነው ነው። በዚያው ቴሌግራም ላይ ደግሞ «የዘንድሮ ፈተና እጃችን ገብቷል»፣ «ውጤት እናስተካክላለን» የሚሉ አጭበርባሪዎች ይጠብቋቸዋል። ከእንጀራ መግዣው ቀንሶ ገንዘብ የላከላቸው ተማሪ አውቃለሁ፤ የተላከለት የዱሮ ፈተና ነበር። የፈተና ምዝገባ ላይም የአያት ስም በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ከተሳሳተ፣ በስምንተኛ ክፍል ካርድ ላይ ካለው ጋር ስለማይገጥም፣ ልጁ በኋላ ማስረጃውን ለማስተካከል ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ምዝገባው ሲካሄድ አንድ መምህር ከጎኑ ቆሞ ቢያነብለት ይህ ሁሉ አይመጣም።

አሁን ደግሞ ስለማያልፉት ላንሳ፤ እነሱ ብዙኃኑ ናቸውና። ባለፈው መስከረም አንድ አባት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከበሩ ቆመው ጠበቁኝ። የልጃቸው ውጤት የተጻፈበትን ብጣሽ ወረቀት ዘረጉልኝና «መምህር፣ ሪሚዲያል ነው አሉት። አልፏል ወይስ ወድቋል?» አሉኝ። ሁለቱም አይደለም ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ማስረዳት ጀመርኩ። የትምህርት ሚኒስቴር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማለፊያውን ነጥብ ላላመጡ፣ ግን በየዓመቱ ለሚወሰነው መቁረጫ ለደረሱ ተማሪዎች የአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብር ከፍቷል። ልጁ ለወራት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይማራል፤ ከዚያም እንደገና ይመዘናል። ከመቶው 70 የሚሆነው ከማዕከል ተዘጋጅቶ በሚመጣ ፈተና፣ 30ው ደግሞ ተቋሙ በሚሰጠው ምዘና ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎቻችንን የሚጎዳው ትልቁ ስሕተት ግቢ ስለገቡ ዩኒቨርሲቲ የገቡ መምሰሉ ነው። ዶርም ያገኛሉ፣ መታወቂያ ያገኛሉ፣ ፎቶግራፍ ተነስተው ለቤተሰብ ይልካሉ፤ ወራቱ ሳይታወቁ ያልቃሉ። አባትየው ሰምተው ሲጨርሱ «እንግዲያው ገና ፈተና ላይ ነው» አሉኝ። ከሰማኋቸው ማብራሪያዎች ሁሉ የተሻለው የእሳቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ የምነግራቸውም በዚሁ ቃል ነው።

ለመቁረጫውም ያልደረሰ ልጅ በግል ተፈታኝነት ደግሞ መፈተን ይችላል፤ ወይም ቴክኒክና ሙያ ገብቶ በደረጃ እየተማረ፣ የብቃት ምዘናውን እያለፈ ሊያድግ ይችላል። ከተማሪዎቼ መካከል ዛሬ የራሱን የብረታ ብረት ቤት ከፍቶ ሦስት ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ አለ፤ የክፍላችንን የተሰበሩ ወንበሮች የበየደልንም እሱ ነው። የግል ኮሌጅ ለመግባት የሚያስቡትን ደግሞ ከመክፈላቸው በፊት አንድ ነገር እንዲያጣሩ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ፤ የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለሚያስተምረው ሙያና ለሚያስተምርበት ካምፓስ ነው። ይህን ባለማጣራቱ ሁለት ዓመት ከፍሎ የተማረበት ካምፓስ ፈቃድ የሌለው ሆኖ ያገኘው ወንድሜ ስለሆነ ነገሩን በቤቴ አውቀዋለሁ።

ሐኪም መሆን ትመኝ በነበረችው ተማሪዬ ከደረሰው በኋላ አራት መምህራን ተነጋግረን ቅዳሜ ከሰዓት ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት የምክር ጊዜ ጀመርን። ትልቅ ነገር አይደለም። የየዩኒቨርሲቲውን የትምህርት ክፍሎች ከየድረ ገጹ ለቅመን በእጅ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ተማሪው ወደ ኢንተርኔት ቤት ከመሄዱ በፊት ምርጫውን ከወላጁ ጋር ሆኖ በወረቀት ላይ በእርሳስ ይሞላል፤ እኛ እናየዋለን፤ ለምን ይህን አስቀደምክ ብለን እንጠይቀዋለን፤ ምክንያቱን መናገር ካልቻለ ተመልሶ ያስብበታል። ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለውን ጓደኛቸው ስለገባ ብቻ እንዳይወስኑ ቀድመን እናነጋግራቸዋለን፤ ኋላ ምርጫው ላይ የምናየው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የቀድሞ ተማሪዎች ለዕረፍት ሲመጡ ስለ ግቢ ኑሮ ይነግሯቸዋል። ያቺ ተማሪዬም ባለፈው ክረምት መጥታ ሁለት ሰዓት ያህል ቆማ የጠየቋትን ሁሉ መለሰችላቸው። የራሷን ታሪክ ስትነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ።

የምንሠራው በፈቃደኝነት ስለሆነ ግን የሚዘልቅ አይመስለኝም። ከአራታችን አንዱ ተዛውሯል፤ አንዷ አራስ ናት። የመምህሩ ኑሮ ምን ያህል እንደከበደ አንባቢ ያውቀዋል፤ ቅዳሜን ለሁለተኛ ሥራ የሚያውል ባልደረባዬን ልወቅሰው አልችልም። ስለዚህ የትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች ጉዳዩን ከመምህራን ቸርነት አውጥተው ሥራ እንዲያደርጉት እጠይቃለሁ። በእያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢያንስ አንድ መምህር ክፍለ ጊዜው ተቀንሶለት ይህን ይሥራ፤ ሥልጠናም ይሰጠው። አፕቲትዩድ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይመደብለት። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ርእሰ መምህራንን ሲገመግሙ ስንት ተማሪ አሳለፍክ ከሚለው ቀጥሎ ያለፉትም ያላለፉትም የት ደረሱ ብለው ይጠይቁ። ዩኒቨርሲቲዎች በማኅበረሰብ አገልግሎት ስም የሚሠሩት ብዙ ሥራ አለ፤ በአካባቢያቸው ላሉ ትምህርት ቤቶች በዓመት አንድ ጊዜ ተማሪዎቻቸውን ልከው እንዲያስረዱ ማድረግ ከአቅማቸው በላይ አይመስለኝም። ምደባውን በኢንተርኔት ማድረጉ በራሱ መልካም ነው፤ መጉላላትንና አድልዎን ቀንሷል። መብራትና ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ያለ ተማሪ ግን የመሙያውን ቀን የሚሰማው ሊያልቅ ሲል ነው።

አንድ ባልደረባዬ «ይህ ሁሉ በስልክ ይገኛል፤ የፈለገ ልጅ ፈልጎ ያገኘዋል» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። ፈልጎ ለማግኘት ምን እንደሚፈለግ ማወቅ ያሻል። የሕክምና ትምህርት የማይሰጥ ዩኒቨርሲቲ መኖሩን ያልጠረጠረች ልጅ ይሰጣል ወይ ብላ አትጠይቅም።

ለዘንድሮ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ወጪውም የወረቀት ብቻ ነው። የምርጫ መሙያው ጊዜ ከመከፈቱ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት፣ እያንዳንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚሰጣቸውን የትምህርት ክፍሎች፣ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና የሚሰጡትን ተቋማትና የምዝገባ ቀናቸውን፣ እንዲሁም ከማለፊያ በታች ላመጡ ተማሪዎች ያሉትን መንገዶች የያዘ አጭር መጽሔት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎችም የክልል የሥራ ቋንቋዎች ታትሞ በየትምህርት ቤቱ ይድረስ። ለእኛ ትምህርት ቤት አምስት ቅጂ ይበቃናል፤ የቀረውን በእጃችን እየገለበጥን እናዳርሰዋለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር
ከሰሜን ሸዋ